ሁለተኛ ብስክሌት ልገዛ ነው፤ ምን ዓይነት፣ በምን ልክ፣ ያገለገለ ከሆነስ ምኑን ልፈትሽ?

ዳገት ወዳጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ብርዱና ዝናቡ ሊያልፍ፣ የብስክሌት ወቅት ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውታል። ከዚያ በፊት ሁለተኛ ብስክሌት መግዛት እፈልጋለሁ። አሁን የምነዳው የአስፋልት ብስክሌት ነው፦ የአሉሚኒየም ፍሬም፣ ቸርኬውን ከሁለት ጎን የሚነክስ ፍሬን፣ 25 ሚሊ ሜትር ጎማ፣ ሺማኖ ባለ 11 ማርሽ፣ የፊት ጥርሱ 50 እና 34፣ የኋላው ከ11 እስከ 30። አስፋልት ላይ እንከን አይወጣለትም። ጠጠር ላይ ግን አይሆንም፤ ጭቃ መከላከያ የሚታሰርበት ቀዳዳ የለውም፤ ዕቃም አይጫንበትም።

ሁለተኛውን የምፈልገው ለጠጠርና ለጭቃ መንገድ፣ በዝናብ ቀን ሥራ ለመመላለስ፣ ከኋላም 10 ኪሎ ያህል ዕቃ ለመጫን ነው። ያገለገለ ቢሆን ደስ ይለኛል። የተጠማዘዘ መሪ ያለው የጠጠር ብስክሌት ልያዝ ወይስ ፊቱ ላይ ሾክ ያለው የተራራ ብስክሌት? ልኩስ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ይሁን? ዕቃዎቹን ለሁለቱ እያፈራረቁ መጠቀም ይቻላል? ሻጭ ዘንድ ስሄድስ ምን ምኑን ልይ? የምታውቁ አካፍሉኝ።


ሰንሰለት፦

ወንድሜ፣ መነሻህ ጥሩ ነው፤ የመጀመሪያው ብስክሌት የማይችለውን ለይተህ ጽፈሃል። ሰፊ ጎማ፣ ጭቃ መከላከያ፣ ዕቃ መጫኛ። ሦስቱም የፍሬም ጉዳይ ናቸው። ኮርቻ፣ መሪ፣ ጥርስ፣ ጎማ በኋላ ይቀየራል፤ ፍሬሙ ላይ የሌለ ቦታና የሌለ ቀዳዳ ግን ከየትም አይመጣም። ማስታወቂያ ስታይ ቀለሙንና የማርሹን ስም ተወውና መጀመሪያ እነዚህን ፈልግ።

ለጠጠር 40 ሚሊ ሜትር ጎማ ይበቃሃል። ጎማው ተነፍቶ ቸርኬው ላይ እንዳለ ከፍሬሙም ከፎርኬላውም በየጎኑ ቢያንስ ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር መራቅ አለበት። ከዚያ ካነሰ ጭቃ ይይዛል፤ ጭቃው ውስጥ ያለው ጠጠር ደግሞ ፍሬሙን እየፋቀ ይበላዋል። ጎማው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ አትመን፤ 40 የሚል ጎማ ሰፊ ቸርኬ ላይ ሲገባ 42 ሊሆን ይችላል። በካሊፐር (ስፋትና ውፍረት አጥርቶ በሚለካው መሣሪያ) ለካው። ጭቃ መከላከያ ሲታከልበት ከላይ ሌላ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይፈልጋል። «45 ይቀበላል» የተባለ ፍሬም ከጭቃ መከላከያ ጋር ብዙ ጊዜ 40 ብቻ ይቀበላል።

ቀዳዳዎቹን በዓይንህ ቁጠር። የኋላ ቸርኬ በሚታሰርበት ጫፍ ላይ በግራም በቀኝም ኤም 5 ቡሎን የሚቀበል ቀዳዳ ሁለት ሁለት ቢኖር አንዱ ለጭቃ መከላከያው፣ አንዱ ለዕቃ መጫኛው ይሆናል። አንድ ብቻ ከሆነ ሁለቱን በአንድ ቡሎን ማሰር ይቻላል፤ ግን በ10 ኪሎ ጭነት ቡሎኑ ቶሎ ይላላልና ደጋግመህ ማጥበቅ ይኖርብሃል። ከላይ በኩል ደግሞ ከኮርቻው በታች ዕቃ መጫኛው የሚያያዝባቸው ሁለት ቀዳዳዎች ያስፈልጋሉ። ካርቦን ፍሬም ላይ በማሰሪያ ቀለበት ዕቃ መጫኛ አታጣብቅ፤ ቀለበቱ ቱቦውን ይጨፈልቀዋል።

ስለ ማርሹ፦ አሁን ያለህ ትንሹ ማርሽ 34 በ30 ነው፤ ማለትም 1.13። ጎማህ ዙሪያው 2.1 ሜትር ያህል ስለሆነ አንድ ዙር ስትረግጥ 2.4 ሜትር ትሄዳለህ። ጠጠር ዳገት ላይ ዕቃ ጭነህ ይህ ከባድ ነው። ኮርቻህ ላይ ተቀምጠህ መርገጥ የምትችለው ከ1 በታች በሆነ ማርሽ ነው። ፊት 30 ኋላ 34 ከሆነ 0.88 ይመጣል፤ ፊት አንድ ጥርስ ብቻ ያለው 40 በ42 ደግሞ 0.95። ቁጭ ብለህ ካልወጣህ የኋላው ጎማ ጠጠር ላይ ይንሸራተታል፤ ከኮርቻ ስትነሳ ክብደትህ ወደ ፊት ይሄዳልና።

ዕቃ ስለማፈራረቅ ከጠየቅከው ቸርኬዎቹን ተዋቸው። ያንተ የኋላ ሞዞ (የቸርኬው መሃል) 130 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ በፈጣን መፍቻ የሚታሰር ነው። ዲስክ ፍሬን ያላቸው የቅርብ ዓመታት የጠጠር ብስክሌቶች አብዛኞቹ ከጎን ወደ ጎን የሚያልፍ ወፍራም ዘንግ አላቸው፤ ፊት 12 በ100፣ ኋላ 12 በ142 ሚሊ ሜትር። አይገናኙም። የሚገናኘው የመርገጫው ክፍል ነው። ሁለተኛው ሺማኖ ባለ 11 የአስፋልት ወይም የጠጠር ማርሽ ከሆነ ሰንሰለቱ፣ የኋላው ጥርስ፣ የማርሽ ኬብሉ ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆናል፤ አንድ መለዋወጫ ገዝተህ ለሁለቱም ታስቀምጣለህ። ፔዳልም ይለዋወጣል፤ የአዋቂ ብስክሌት ፔዳል ከሞላ ጎደል ሁሉም 9/16 ኢንች ነው። ጫማህ የሚገባበት ፔዳል ካለህ ያንኑ ዓይነት ሁለተኛ ጥንድ መግዛት ነው የሚሻለው፤ ሁለት ዓይነት ፔዳል ሁለት ዓይነት ጫማ ይጠይቃል።


ኩሽኔታ፦

እኔ የምጨምረው ያገለገለውን ስለመፈተሽ ነው። ስትሄድ ሜትር፣ ካሊፐር፣ 4፣ 5 እና 6 ቁጥር አለን ቁልፍ፣ የእጅ ባትሪና ደረቅ ጨርቅ ያዝ። ፍተሻው ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። በቀን ብርሃን ይሁን፤ ስንጥቅ በማታ መብራት ብቻ በደንብ አይታይም። ብስክሌቱ ታጥቦ ካልጠበቀህ ራስህ ጥረገው፤ ጭቃ የሚሸፍነው ቦታ ላይ ነው ችግሩ የሚኖረው።

መጀመሪያ ፍሬሙ። ከፊት ተጋጭቶ ከሆነ ምልክቱ ከመሪው ቱቦ በስተኋላ፣ በታችኛው ቱቦ ሆድ ላይ ነው የሚገኘው። ጣትህን ከታች በኩል አሳልፍ፤ ቀለሙ የተሸበሸበ ወይም ቱቦው ጎበጥ ያለ ከመሰለህ አትግዛው። ከዚያ ከጎን ቆመህ ፎርኬላውን እይ፤ ወደ ኋላ የታጠፈ ፎርኬላ የፊት ጎማውን ወደ ፔዳሉ ያስጠጋዋል። ብረት ፍሬም ሊቃናና ሊበየድ ይችላል። አሉሚኒየም ከታጠፈ ወይም ከተሰነጠቀ አበቃለት፤ ሲበየድ በብየዳው ዙሪያ ይደክማል፣ ጥንካሬውን ለመመለስ እንደገና በእሳት መታከም አለበት፤ ያ ደግሞ ከፍሬሙ ዋጋ ይበልጣል። አሉሚኒየም ላይ ስንጥቅ የሚጀምረው ከብየዳ ጠርዝ ነው፦ የኮርቻ ዘንግ በሚገባበት አፍ፣ በፔዳሉ መሃል (የፔዳሉ ክንዶች በሚሽከረከሩበት ቦታ) ዙሪያ፣ የኋላው ቀጭን ቱቦ ከጫፉ ጋር በሚገናኝበት። ቀጥ ያለ ቀጭን መስመር ካየህ በጥፍርህ ሞክረው፤ ጥፍር የሚይዝ መስመር ቀለም ብቻ ላይሆን ይችላል። ካርቦን ከሆነ በሳንቲም ቀስ እያልክ ምታው፤ ጥርት ያለው ድምፅ አንድ ቦታ ላይ ሲታፈን እዚያ ውስጡ ሳይላቀቅ አልቀረም።

የኮርቻ ዘንጉ መንቀሳቀሱን ሳታረጋግጥ አትክፈል። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። ማሰሪያውን ፍታ፣ ዘንጉን አዙረው፣ ጥቂት አውጣው፣ መልሰው። አሉሚኒየም ዘንግ ብረት ፍሬም ውስጥ ወይም ካርቦን ፍሬም ውስጥ ለዓመታት ያለ ግራሶ ከቆየ እርጥበቱ ሁለቱን አጣብቆ አንድ ያደርጋቸዋል። ሳይቆረጥ የማይወጣ ብዙ አለ። ከተንቀሳቀሰ ዲያሜትሩን አንብብ፤ ዘንጉ ላይ ተጽፏል፣ 27.2 ወይም 30.9 ወይም 31.6 ነው አብዛኛው። በዚያው የፎርኬላው ቱቦ በመሪው አንገት (መሪውን ከፎርኬላው ቱቦ ጋር በሚያገናኘው ክፍል) ላይ ምን ያህል እንደቀረ እይ። ቀዳሚው ባለቤት አሳጥሮ ቆርጦት ከሆነ መሪውን ከፍ ማድረግ አትችልም፤ የተቆረጠ ቱቦ አይቀጠልም። ዝቅ ማድረግ ግን ከሥሩ ቀለበት እስካለ ድረስ ይቻላል፤ ከሥር ያሉትን ቀለበቶች አውጥቶ ከላይ ማድረግ ነው።

ኩሽኔታዎቹ ሦስት ቦታ ናቸው። የመሪው፦ የፊት ፍሬን ይዘህ ብስክሌቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ወዝውዘው፤ የሌላውን እጅ ጣት ፍሬሙና ፎርኬላው በሚገናኙበት ስንጥቅ ላይ አድርግ። ክፍተት ከተሰማህ ልቅ ነው፤ ይህ በማጥበቅ ሊስተካከል ይችላል። ከዚያ ፊቱን አንስተህ መሪውን ቀስ ብለህ አዙር፤ ልክ መሃል ላይ ሲደርስ የሚጠልፈው ነገር ካለ ኩሽኔታው ተቦርቡሯል፣ ይቀየራል። የፔዳሉ መሃል፦ ሰንሰለቱን ከፊት ጥርሱ አውርደህ የፔዳሉን ክንድ ወደ ጎን ግፋው፤ ምንም መንቀሳቀስ የለበትም። ሲሽከረከር ደግሞ እንደ አሸዋ ማንኮራኮር የለበትም። የመሃሉ ኩሽኔታ በጥርስ የሚታሰር (እንደ ቡሎን የሚጠመዘዝ) ከሆነ መቀየሩ ቀላል ነው፤ እንግሊዝ ስታንዳርድ የሚባለው 68 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን የቀኙ ጎን በተቃራኒ ይፈታል። በግፊት የሚገባው ዓይነት ግን ጭቃና ውሃ ላይ ብዙ ጊዜ መንቋቋት ይጀምራል፤ በዝናብ ለሚነዳ ሰው በጥርስ የሚታሰረውን እመርጣለሁ። ሦስተኛው የሞዞዎቹ ነው፤ ጎማውን ከላይ ይዘህ ወደ ጎን ወዝውዘው።

ቸርኬውን አሽከርክረህ ከፍሬም ጋር ያለውን ርቀት ተመልከት። 1 ሚሊ ሜትር ወዲያ ወዲህ ማለት ምንም አይደለም፤ 3 ከሆነ መስተካከል አለበት፤ ራጂ ከተሰበረ ደግሞ ሌሎቹንም ሁለት ሁለት እያደረግህ ጨብጥ። በአንድ ጎን ያሉት ጥንካሬያቸው ከሞላ ጎደል እኩል መሆን አለበት። ብዙ ራጂ የተቀየረበት የኋላ ቸርኬ ሌሎቹም ደክመዋል ማለት ነው፤ በጭነት አንድ በአንድ ይበጠሳሉ።

ሰንሰለቱን መለካት በሜትርም ይቻላል። ከአንድ ፒን መሃል ጀምረህ 24 ፒን ቁጠር፤ አዲስ ሰንሰለት ላይ ርቀቱ 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። 306.3 ላይ ግማሽ በመቶ ተስቧል፤ ባለ 11 እና ባለ 12 ማርሽ ላይ የሚቀየረው እዚህ ላይ ነው። 307.1 ላይ 0.75 በመቶ ይሆናል፤ ለባለ 10 እና ከዚያ በታች ወሰኑ ይህ ነው። ከዚህ ያለፈ ሰንሰለት የኋላውን ጥርስ በራሱ ልክ በልቶታል። አዲስ ሰንሰለት ብቻ ብታስገባበት ስትረግጥ ይዘላል። ስለዚህ ሁለቱንም ከዋጋው ቀንስ።

ማርሽ ቀያሪው የተንጠለጠለበትን ትንሽ ጆሮ ከኋላ ቆመህ እየው። ሁለቱ ትናንሽ ጎማዎች ከኋላው ጥርስ ጋር ቀጥ ብለው በአንድ መስመር መውረድ አለባቸው። ብስክሌቱ በቀኙ ሲወድቅ መጀመሪያ የሚታጠፈው ይህ ነው። የታጠፈ ጆሮ መሃል ላይ ደህና ይቀይራል፤ ትልቁ ጥርስ ላይ ሲደርስ ግን ማርሽ ቀያሪው ራጂ ውስጥ ይገባና ቸርኬውንም ፍሬሙንም ሊሰብር ይችላል። የሙከራ ጉዞ ላይ ትልቁን ጥርስ ከመሞከርህ በፊት ቆመህ በእጅ አዙረህ አረጋግጥ። ጆሮው ለየፍሬሙ የተለየ ስለሆነ ከገዛህ በኋላ አንድ ትርፍ አስገዝተህ አስቀምጥ።

ፍሬኑ ዲስክ ከሆነ የዲስኩን ውፍረት በካሊፐር ለካ። የሺማኖ ዲስክ አዲስ ሲሆን 1.8 ሚሊ ሜትር ነው፣ 1.5 ሲደርስ ይጣላል። የፍሬኑ ሸራ ከብረቱ ውጭ ያለው ክፍል ግማሽ ሚሊ ሜትር ሲቀር አበቃ። በዘይት የሚሠራ ፍሬን ከሆነ እጀታው ሲጨበጥ ደረቅ ብሎ መቆም አለበት፤ እስከ መሪው የሚደርስ ከሆነ አየር ገብቶበታል። ሺማኖ ማዕድን ዘይት ነው የሚወስደው፤ ስራም የተባለው ሌላው አምራች ፍሬኖች አብዛኞቹ ዶት 5.1 የሚባለውን የፍሬን ፈሳሽ። አንዱን በሌላው ቦታ ብታደርግ የውስጡን ላስቲክ ያሳብጠዋል፣ ያበላሸዋልም። ሲይዝ የሚጮኸውና ደካማ የሆነው ብዙ ጊዜ ሸራው ዘይት ነክቶት ነው፤ ዲስኩ በአልኮል ይጸዳል፣ ሸራው ግን አዲስ ይፈልጋል።

ለረጅም ጊዜ የቆመ ብስክሌት ላይ የማርሽ መቀየሪያው እጀታ ሲገፋ ምንም የማይይዝ ከሆነ አትደንግጥ። ውስጡ ያለው ግራሶ ደርቆ ነው። ግራሶ የሚያሟሟ ስፕሬይ ረጭተህ ደጋግመህ ስትገፋው ይለቃል፤ ከዚያ በቀጭን ዘይት ማለስለስ አለብህ፣ አለዚያ ውስጡ ይበላል። ሻጩ «ተበላሽቷል» ብሎ ዋጋ የቀነሰበት ከሆነ ይህን ማወቅህ ይጠቅምሃል።

በመጨረሻ ከፔዳሉ መሃል በታች የተቀረጸውን መለያ ቁጥር አንብብ። ተፍቆ ከሆነ ወይም በላዩ ላይ ቀለም ከተቀባ አትግዛ። ደረሰኝ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ሐቀኛ ሻጭ አይቆጣም።


ባለ ሰፊ ጎማ፦

የተራራውን ብስክሌት ቶሎ አትጣለው። ጠጠሩ ድንጋይ የበዛበትና ጎድጓዳ ከሆነ 40 ሚሊ ሜትር ጎማ ላይ እጅ ይዝላል። ፊቱ ብቻ ሾክ ያለው ብስክሌት 55 ሚሊ ሜትር ጎማ ይቀበላል፣ ዕቃ መጫኛም ያላቸው አሉ። ግን ያገለገለ ሾክ ከፍተሻው ሁሉ አስቸጋሪው ነው። ቱቦዎቹ ላይ ጭረት ካለ ዘይት ያፈሳል፤ ጨርቅ አዙረህ ጠርገህ ጥቂት ጊዜ ተጫነው፣ ከዚያ የዘይት ቀለበት ቱቦው ላይ ቀርቶ እንደሆነ እይ። የታችኛው ክፍል በ50 ሰዓት መንዳት አንዴ ይጸዳል፣ ዘይቱም ይቀየራል፤ መቼ እንደተሠራ ሻጩ የማያውቅ ከሆነ አልተሠራም ብለህ ተነሳ።

የቸርኬውን ልክም እይ። ጎማው ላይ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር 622 ከሆነ ወይም 584 ከሆነ ደህና ነው። 559 የሆነው የድሮው 26 ኢንች ነው፤ ጎማ ይገኝለታል፣ ጥሩ ፎርኬላና ጥሩ ቸርኬ ግን እየጠፋ ነው።


ዳገት ወዳጅ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። መንገዴ ድንጋይ የበዛበት አይደለም፤ የተጠቀጠቀ ጠጠር ነው፣ ዝናብ ሲዘንብ ጭቃ የሚሆን። ስለዚህ ወደ ጠጠር ብስክሌቱ አደላለሁ።

አንድ አግኝቻለሁ። አሉሚኒየም ፍሬም፣ ካርቦን ፎርኬላ፣ በኬብል የሚሠራ ዲስክ ፍሬን፣ ሺማኖ ባለ 10 የአስፋልት ማርሽ። ለካሁት፦ ሰንሰለቱ በ24 ፒን 307.5 ሚሊ ሜትር፤ ዲስኮቹ 1.6፤ የፔዳሉ ክንድ 175፣ የእኔው 172.5። የፍሬሙ ከፍታ (ከፔዳሉ መሃል እስከ መሪው ቱቦ አናት) 575፣ ርዝመቱ (ከፔዳሉ መሃል ወደ ፊት እስከ መሪው ቱቦ አናት) 380፤ የመሪው አንገት 80 ሚሊ ሜትር፣ ከሥሩ 15 ሚሊ ሜትር ቀለበት አለ፣ ቱቦው ከላይ ልክ አንገቱ ጫፍ ላይ ተቆርጧል። የእኔው ከፍታ 555፣ ርዝመት 385፣ አንገት 100፣ ከሥሩ 20 ሚሊ ሜትር ቀለበት። ኮርቻዬ ከፔዳሉ መሃል 735 ነው። ሻጩ የኮርቻ ዘንጉን እንድነካ አልፈለገም፤ «ልኩ ያው ነው» አለኝ። ይሆነኛል?


ሰንሰለት፦

ልኩን እንሥራው። ርዝመት ብቻውን ሲታይ ያሳስታል፤ የመሪው ቱቦ ወደ ኋላ ያዘመመ ስለሆነ በየ10 ሚሊ ሜትር ቀለበት መሪው ወደ አንተ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይቀርባል። ያንተ ፍሬም በከፍታ ከአዲሱ 20 ሚሊ ሜትር ያንሳል። 20 ሚሊ ሜትር ቀለበት ስታደርግበት ከፍታው 575 ይሆናል፣ ርዝመቱ ደግሞ ከ385 ወደ 379 ይወርዳል። አዲሱ በ575 ላይ 380 ነው። ስለዚህ ሁለቱ ፍሬሞች በተግባር አንድ ልክ ናቸው። ልዩነቱ አንገቱ ነው፤ 20 ሚሊ ሜትር ያጠረ፣ በ15 ሚሊ ሜትር ቀለበቱም መሪው ካንተ 15 ከፍ ያለ።

ለጠጠር ትንሽ ቀጥ ብሎ መቀመጥ ጥሩ ስለሆነ ሙሉ በሙሉ እንደ አስፋልቱ አታድርገው። ከቀለበቱ 5ቱን ሚሊ ሜትር ከሥር ትተህ 10ሩን ከላይ አድርግ፣ አንገቱንም በ90 ቀይረው። የመሪው መያዣ 31.8 መሆኑን ካሊፐር ላይ አረጋግጠህ አንገት ግዛ። ቱቦው ማጠሩ አያሳስብህ፤ አንተ የምትፈልገው ዝቅ ማድረግ ነው።

ክንዱ 2.5 ሚሊ ሜትር ስለሚረዝም ፔዳሉ ከታች ያን ያህል ይርቃል። ኮርቻውን 732.5 ላይ አድርገው። ኮርቻዎቹ የተለያዩ ከሆኑ ከጫፋቸው ሳይሆን 80 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ካላቸው ቦታ ላይ ለካ፤ የአንዱ አፍንጫ ከሌላው ሊረዝም ስለሚችል ከጫፍ መለካት ወደ ኋላ የመቀመጡን መጠን ያዛባዋል።

ባለ 10 መሆኑ ከመጀመሪያው ጋር ሰንሰለትና ጥርስ እንዳይጋራ ያደርገዋል። ያ ብቻውን ግዢውን አያበላሽም፤ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ትልቅ የኋላ ጥርስ ለማስገባት ብለህ የሺማኖ ባለ 10 የተራራ ማርሽ ቀያሪ ብትገዛ ከአስፋልቱ እጀታ ጋር አይሠራም፤ ኬብሉን የሚስብበት መጠን የተለያየ ነው። ባለ 9 ላይ ይሠራ ነበር፤ ባለ 10 ላይ አይሠራም። ያለውን ቀያሪ ይዘህ የፊት ጥርሱን ማሳነስ ነው የሚያዋጣህ።


ኩሽኔታ፦

ሰንሰለቱ 307.5 ከሆነ 0.9 በመቶ ገደማ ተስቧል። ሰንሰለትና የኋላ ጥርስ አዲስ ትገዛለህ። የፊት ጥርሶቹን ጫፍ እይ፤ ወደ አንድ ጎን እንደ ሞገድ ያዘመሙ ከሆነ እነሱም ይጨመራሉ። ዲስኮቹ 1.6 ላይ ናቸው፣ የቀራቸው ጥቂት ነው። ሸራ ልትቀይር ስትከፍተው አብረህ ቀይራቸው። በኬብል የሚሠራ ዲስክ ሸራው ሲያልቅ ራሱን አያጠጋም፤ በውስጠኛው በኩል ያለውን ማስተካከያ በየጊዜው ማጥበቅ አለብህ። ዝናብና ጭቃ ላይ ይህ ማለት በየጥቂቱ ማለት ነው።

የኮርቻ ዘንጉን ጉዳይ ግን አልቀበለውም። አሉሚኒየም በአሉሚኒየም ውስጥም ይጣበቃል። ዘንጉ ካርቦን ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው። ሻጩን በአክብሮት፣ በግልጽ ንገረው፦ «ጌታው፣ ዘንጉ ተፈቶ 30 ሚሊ ሜትር ከፍ ዝቅ ሲል ካየሁ እገዛለሁ፤ ራስዎ ይፍቱልኝ።» ቡሎኑን የሚያበላሽ ሥራ አይደለም፣ አንድ አለን ቁልፍ ነው። እምቢ ካለ ተወው። ከተስማማ ኮርቻው 732.5 ላይ ሲሆን በዘንጉ ላይ ያለው የዝቅተኛ መግቢያ መስመር ፍሬሙ ውስጥ ተደብቆ መቅረት አለበት። መስመሩ ከወጣ ሌላ ረጅም ዘንግ ያስፈልግሃል፤ በአጭሩ ብትነዳ ፍሬሙ አፉ ላይ ይሰነጠቃል።


ነፋስ፦

እኔም ተመሳሳይ ነገር ላይ ነኝ፤ ግን ያገለገለ ከመፈተሽ ያለፈ ዓመት ሞዴል አዲስ ቢገዛ አይሻልም? ወቅቱ ከመግባቱ በፊት ሱቆች የቆየውን ማስወጣት ይፈልጋሉ። አዲስ ከሆነ የሚፈተሽ ነገር አለ?


ኩሽኔታ፦

አለ። የቆየ አዲስ ሞዴል ጥሩ ግዢ ሊሆን ይችላል፤ የሚቀረው ብዙ ጊዜ በጣም ትንሹና በጣም ትልቁ ልክ ስለሆነ ዋጋው ወርዷል ብለህ ያልሆነልህን ልክ አትውሰድ።

አዲስ ብስክሌት ከሱቅ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ የሚጎድለው ግራሶ ነው። የኮርቻ ዘንጉን አውጣ፤ አሉሚኒየም ወይም ብረት ከሆነ ቀጭን ግራሶ ቀባ፣ ካርቦን የነካው ከሆነ ግራሶውን ትተህ ለካርቦን የተሠራውን ሸካራ ቅባት ተጠቀም። ፔዳሎቹን ስታስገባ ጥርሳቸው ላይ ግራሶ አድርግ። የግራው ፔዳል በተቃራኒ ነው የሚታሰረው፤ በመጀመሪያ በጣት ብቻ ሦስት አራት ዙር ካልገባ አታስገድደው፤ የክንዱ አሉሚኒየም ለስላሳ ስለሆነ በተጣመመ መንገድ ከገባ ጥርሱ ያልቃል። ሲጠብቅ ከ35 እስከ 40 ኒውተን ሜትር ይሁን። የመሪው አንገት ቡሎኖች ላይ ቁጥሩ ተጽፏል፣ ብዙ ጊዜ 5 ነው፤ አራቱን በመስቀል ቅርጽ ጥቂት ጥቂት እያደረግህ አጥብቅ፣ ከላይና ከታች ያለው ክፍተትም እኩል ይሁን።

ጎማው ያለ ውስጥ ጎማ የሚሠራ ከሆነና ለወራት ሱቅ ውስጥ ከቆየ የተጨመረበት ፈሳሽ ደርቋል። ለ40 ሚሊ ሜትር ጎማ 60 ሚሊ ሊትር ያህል ጨምር። ቸርኬው ጎማውን የሚይዝ ጠርዝ የሌለው ዓይነት ከሆነ ከ5 ባር በላይ አትንፋው፤ ለጠጠር እንደ ክብደትህ ከ2 እስከ 3 ባር ይበቃል።

የዲስክ ፍሬን አዲስ ሸራ መጀመሪያ ላይ በደንብ አይዝም። ጠፍጣፋ ቦታ ላይ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ያህል እየነዳህ ከ20 እስከ 30 ጊዜ ወደ እርምጃ ፍጥነት አሳንስ፣ ሙሉ በሙሉ ሳታቆም፤ ቸርኬው ተቆልፎ ከቆመ ሸራው ዲስኩ ላይ አንድ ቦታ ይጣበቅና በኋላ መንቀጥቀጥ ያመጣል። ፊቱንና ኋላውን ለየብቻ አድርግ።

ከዚያ በኋላ የማርሽ ኬብሉ መከደኛው ውስጥ እየተስተካከለ ጥቂት ስለሚላላ ወደ ትልቁ ጥርስ መውጣት ይዘገያል። ማርሽ ቀያሪው ላይ ያለውን በርሜል (የኬብሉን ማጥበቂያ) ወደ ግራ ሩብ ዙር ሩብ ዙር እያደረግህ አዙር። የወሰን ቡሎኖቹን (ቀያሪው ከዳር ጥርሶቹ እንዳያልፍ የሚገድቡትን) አትንካ፤ እነሱ ትክክል ሆነው ነው የመጡት፣ የላላው ኬብሉ ነው። የራጂውንም ጥንካሬ በዚያው ጨብጠህ እይ፤ በማሽን የተገጠመ ቸርኬ በመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች ላይ ይላላል፣ በተለይ የኋላው ግራ ጎን።